የጣት ምት እንዴት ይቀዳል? በሙዚቃ የኮምፒዩተር ጨዋታዎች ውስጥ ስላለው ድጋሚ ዕይታ

በቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ክብረ በዓል ዕለት ከምእመናኑ በስተኋላ ራቅ ብሎ የቆመ ሰው አንድ ነገር ልብ ሊል ይችላል። ከበሮ መቺው እጁን በከበሮው ላይ ሲያሳርፍ ዓይኑ ወዲያውኑ ያያል፤ ድምፁ ግን ወደ ጆሮው የሚደርሰው ጥቂት ቆይቶ ነው። እንደሚታወቀው ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። በመሆኑም ከከበሮው 85 ሜትር ርቆ ለቆመ ሰው ምቱ ሩብ ሰከንድ ዘግይቶ ይሰማዋል። 17 ሜትር ርቆ ለቆመው ደግሞ በ50 ሚሊ ሰከንድ ይዘገይበታል። የአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩን ግፊት ቢቀንሰውም ይህን ፍጥነት አይለውጠውም፤ ፍጥነቱን በዋናነት የሚወስነው የአየሩ ሙቀት ነው።

እንግዲህ «ከበሮው የተመታው መቼ ነው?» ተብለን ብንጠየቅ ምን እንመልሳለን? እጅ ቆዳውን በነካበት ቅጽበት ነው? ወይስ ድምፁ በተሰማበት? ለበዓሉ ታዳሚ ጥያቄው ከንቱ ሊመስል ይችላል። በሙዚቃ ላይ የተመሠረተ የኮምፒዩተር ጨዋታ ለሚሠራ ሰው ግን የሥራው ሁሉ መነሻ ይህ ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ጨዋታ ቀድቶ መልሶ ማሳየት፣ በተለምዶ «ሪፕሌይ» የሚባለው ድጋሚ ዕይታ፣ እንዴት እንደሚሠራ እንመለከታለን።

በአንድ ምሽት የተነሣ ክርክር

የሙዚቃ ጨዋታ አሠራሩ ቀላል ነው። ዘፈን ይጫወታል፤ በማያ ገጹ ላይ ምልክቶች ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ተጫዋቹም ምልክቱ ከመሥመሩ ላይ በሚደርስበት ቅጽበት ቁልፍ ይጫናል። ነጥቡ የሚለካው በጊዜ ትክክለኛነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ጃፓን ውስጥ የወጣው «ቢትማኒያ»፣ በ1998 የተከተለው «ዳንስ ዳንስ ሬቮሉሽን» እና በ2005 የወጣው «ጊታር ሂሮ» ይህን ዓይነቱን ጨዋታ በዓለም ዙሪያ አስተዋውቀዋል።

ከተማሪዎቻችን መካከል ጥቂቶቹ ቀራንዮ አካባቢ በሚገኝ አንድ ቤት ተሰባስበው በሠርግ ከበሮ ምት ላይ የተመሠረተ እንዲህ ያለ ጨዋታ ሠርተው ነበር። አንዱ ቁልፍ የከበሮውን ሰፊ አፍ፣ ሌላው ጠባቡን አፍ ይወክላል። ከምልክቱ በ20 ሚሊ ሰከንድ ልዩነት ውስጥ የተመታ ምት «እጅግ ጥሩ»፣ በ50 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ የተመታ «ጥሩ»፣ በ100 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ የተመታ «ደካማ» ይባላል። ቀጥሎም የተጫወቱትን መልሶ የሚያሳይ ክፍል ጨመሩበት።

አንድ ምሽት የጎረቤት ልጅ የሆነ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ተጫወተ። ከ430 ምቶች 412ቱን «እጅግ ጥሩ» አደረገ። ከዚያ በፊት ማንም ወደዚህ ውጤት አልቀረበም። ሁሉም «እስቲ መልሰን እንየው» አሉ። በድጋሚ ዕይታው ላይ ግን ያው ጨዋታ፣ ያው ልጅ፣ ያው ዘፈን 371 «እጅግ ጥሩ» ብቻ አሳየ። ወዲያው «አንድ ነገር ነካክቷል» የሚል ቃል ተሰነዘረ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ተማሪዎቹ በማግሥቱ ፋይሉን ይዘው ወደ እኛ መጡ። ጥያቄያቸውም አጭር ነበር፤ ከሁለቱ ቁጥሮች የትኛው ነው እውነት?

ሥዕሉን መቅዳት ወይስ ድርጊቱን?

መልሱን ለማግኘት አስቀድመን ምን እንደተቀዳ ማወቅ አለብን። ጨዋታን ለመቅዳት ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ማያ ገጹን እንደ ፊልም መቅረጽ ነው። ስፋቱ 640 በ480 ነጥብ የሆነ ማያ ገጽ 307,200 ነጥቦች አሉት። ለእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም 3 ባይት፣ በሰከንድም 60 ሥዕል ቢወሰድ በአንድ ሰከንድ 55 ሚሊዮን ባይት ያህል ይሆናል። የሦስት ደቂቃ ዘፈን ወደ 10 ጊጋ ባይት ይጠጋል ማለት ነው። ፊልሙ ታምቆ በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት ቢደረግ እንኳ 45 ሜጋ ባይት ይወስዳል።

ሁለተኛው መንገድ ሥዕሉን ትቶ የተጫዋቹን ድርጊት ብቻ መመዝገብ ነው። በሦስት ደቂቃ ውስጥ 800 ምቶች አሉ እንበል። ቁልፉ የተጫነበትና የተለቀቀበት ሲቆጠር 1,600 ድርጊቶች ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ ድርጊት 4 ባይት ለጊዜው፣ 1 ባይት ለቁልፉ ማንነት ብንመድብ ጠቅላላው 8,000 ባይት ብቻ ነው። ይህ ከታመቀው ፊልም ከ5,600 እጥፍ በላይ ያንሳል። በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት በሚያስተላልፍ መሥመር ፊልሙን ለመላክ ስድስት ደቂቃ ሲፈጅ፣ ይኸኛውን ለመላክ የአንድ ሰከንድ 15ኛ እጅ አይሞላም። የኢንተርኔት ክፍያውን ከኪሱ ለሚከፍል ተማሪ የልዩነቱ ትርጉም ግልጽ ነው።

ዘፈኑ፣ ሥዕሎቹና የምልክቶቹ አወራረድ ቀድሞውኑ በተመልካቹ ኮምፒዩተር ውስጥ ስለሚገኙ እንደገና መላክ አያስፈልግም። ፕሮግራሙ የተመዘገቡትን ድርጊቶች በየሰዓታቸው ይቀበላል፤ ጨዋታውንም እንደ አዲስ ይጫወተዋል። ተማሪዎቻችንም የመረጡት ይህንኑ መንገድ ነበር።

ሐሳቡ ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ነው

ይህ ልዩነት በታሪክ ውስጥም ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1899 ዳግማዊ አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ መልእክታቸውን በሰም በተሠራ የፎኖግራፍ ጥቅልል ላይ በድምፃቸው ቀድተው ልከዋል። በሰሙ ላይ የተቀረጸው የአየሩ ንዝረት ራሱ፣ ማለትም የመናገር ውጤት ነው። ይህ ከፊልሙ መንገድ ጋር ይመሳሰላል።

የዜማ ምልክቶቻችን ደግሞ በሁለተኛው መንገድ የሚሄዱ ናቸው። በትውፊት ከቅዱስ ያሬድ ጋር የሚያያዙት፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 1540–1559) በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል ሥርዓት እንደያዙ የሚነገርላቸው ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት ከቃላቱ በላይ የሚጻፉ ጥቃቅን ምልክቶች ናቸው። ድምፁን አይዙም። የሚይዙት ዜመኛው በድምፁ ምን ማድረግ እንዳለበት ነው። ስለዚህም ቦታ አይፈጁም፤ አንድ ብራና ብዙ ሰዓት የሚወስድ ዜማ ይሸከማል። ነገር ግን ዋጋ አላቸው። ከመሪጌታ እግር ሥር ተቀምጦ ዜማውን ያልተማረ ሰው ምልክቱን ብቻ ይዞ ሊያዜመው አይችልም።

በመሣሪያ ረገድም እ.ኤ.አ. በ1904 ጀርመን ውስጥ የቀረበው «ዌልቴ ሚኞን» የተሰኘው ፒያኖ የፒያኒስቱን ጣቶች ድርጊት በወረቀት ጥቅልል ላይ በቀዳዳ መልክ ይመዘግብ ነበር። ጥቅልሉ መልሶ ሲገባ ፒያኖው ራሱ እንደ አዲስ ይጫወታል። እ.ኤ.አ. በ1983 ይፋ የሆነው «ሚዲ» የተባለው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያዎች መግባቢያ ሥርዓትም ይህንኑ ሐሳብ ወደ ቁጥር የለወጠ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ሕግ አለ። ድርጊትን የሚመዘግብ ጽሑፍ እምነት የሚጣልበት ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው። አንደኛ፣ ድርጊቱ የተፈጸመበት ጊዜ በትክክል መጻፍ አለበት። ሁለተኛ፣ መልሶ የሚጫወተው ወገን ከመጀመሪያው ጋር አንድ መሆን አለበት። የልጁን ፋይል የመረመርነው በእነዚህ ሁለት መስፈርቶች ነው።

ስሕተቱ የት ነበር?

የኮምፒዩተር ጨዋታ ማያ ገጹን በሰከንድ 60 ጊዜ ያድሳል። በሁለት ሥዕሎች መካከል 16.7 ሚሊ ሰከንድ ያልፋል። የተማሪዎቻችን ጨዋታ ነጥብ ሲሰጥ ቁልፉ የተጫነበትን ትክክለኛ ሚሊ ሰከንድ ይጠቀም ነበር። ወደ ፋይሉ ሲጽፍ ግን የሚመዘግበው ቀጥሎ የመጣውን ሥዕል ሰዓት ነበር።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ምልክት በ1,000ኛው ሚሊ ሰከንድ ላይ መመታት አለበት። ልጁ በ1,019ኛው መታው፤ መዘግየቱ 19 ስለሆነ «እጅግ ጥሩ» ተባለ። ቀጣዩ ሥዕል ግን የመጣው በ1,033ኛው ሚሊ ሰከንድ ላይ ነው። ፋይሉ 1,033 ብሎ ጻፈ። ድጋሚ ዕይታው የ33 ሚሊ ሰከንድ መዘግየት አየና «ጥሩ» ብሎ ፈረደ።

እዚህ ላይ በላቦራቶሪ ደጋግመን የምናነሣውን ነገር ልብ ማለት ይገባል። ይህ ስሕተት አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ የሚወዛወዝ የአጋጣሚ ስሕተት አይደለም። ምን ጊዜም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ መዘግየት ብቻ ይገፋል። አማካዩ 8 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። እንዲህ ያለው ሥርዓታዊ ስሕተት ልኬቱን ስለደጋገምን አይጠፋም። ቀድሞ የመምታት ልማድ ያለውን ተጫዋች ሊጠቅመው ይችላል፤ እንደዚህ ልጅ ጥቂት ዘግይቶ የሚመታውን ግን ይጎዳዋል። እውነተኛው ቁጥር 412 ነበር። ልጁ ምንም አልነካካም፤ የተሳሳተው መዝጋቢው ነው።

ከበሮው በየትኛው ሰዓት ይመራ?

መፍትሔው «ትክክለኛውን ሚሊ ሰከንድ ጻፉ» ማለት ብቻ ይመስላል። ነገር ግን የየትኛውን ሰዓት ሚሊ ሰከንድ? ከተማሪዎቻችን አንዱ በእያንዳንዱ ሥዕል 16 ሚሊ ሰከንድ እየደመርን እንቁጠር የሚል ሐሳብ አቀረበ። የተጣለችው ክፍልፋይ ትንሽ ትመስላለች። ሆኖም በሰከንድ 60 ጊዜ 16 ስንደምር የምናገኘው 960 ነው፤ በየሰከንዱ 40 ሚሊ ሰከንድ ይጎድላል። በሦስት ደቂቃ ዘፈን መጨረሻ ላይ ጨዋታው ከሙዚቃው በ7.2 ሰከንድ ወደ ኋላ ይቀራል።

የኮምፒዩተሩን ሰዓት መጠቀም የተሻለ ነው፤ ግን እሱም እንከን አለው። ድምፅ የሚያወጣው ክፍል ብዙ ጊዜ የራሱ የሆነ የክሪስታል ሰዓት አለው። ሁለት ክሪስታሎች ፍጹም እኩል አይመቱም። በመካከላቸው ከሚሊዮን 100 ክፍል ልዩነት ቢኖር በ180 ሰከንድ ውስጥ 18 ሚሊ ሰከንድ ይለያያሉ። «እጅግ ጥሩ» የምንለው ወሰን 20 ብቻ መሆኑን እናስታውስ።

ስለዚህ የሚመረጠው የሙዚቃውን ጊዜ በሙዚቃው በራሱ መለካት ነው። በተለመደው አሠራር አንድ ሰከንድ ድምፅ በ44,100 ናሙናዎች ይከፈላል። የድምፁ ክፍል እስካሁን ያጫወታቸውን ናሙናዎች ቆጥረን ለ44,100 ብናካፍል በዘፈኑ ውስጥ የትኛው ሰከንድ ላይ እንዳለን እናውቃለን። ይህ ቁጥር በጥቂት በጥቂቱ እየዘለለ የሚታደስ ከሆነ፣ በዝላዮቹ መካከል የኮምፒዩተሩ ሰዓት ክፍተቱን ይሞላል። ዘማሪው ከበሮውን እንደሚከተል ሁሉ ጨዋታውም ሙዚቃውን ይከተላል።

አሁን ወደ መግቢያችን ጥያቄ እንመለስ። ናሙናው «ተጫወተ» ተብሎ ሲቆጠር ገና ወደ ጆሮ አልደረሰ ይሆናል። ድምፁ በቅድሚያ በ2,048 ናሙናዎች መጠባበቂያ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ 46 ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል፤ ይህም ከከበሮው 16 ሜትር ያህል ርቆ ከመቆም ጋር እኩል ነው። ገመድ አልባ ማዳመጫዎች ደግሞ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ሊያዘገዩ ይችላሉ። በዚህ ምክንያት ጥሩ ጨዋታ የእያንዳንዱን መሣሪያ መዘግየት ለክቶ ያስተካክላል። ይህ የማስተካከያ ቁጥር በፋይሉ ውስጥ ካልተጻፈ በአንዱ ቤት የተቀዳው በሌላው ቤት ይዛባል።

መልሶ የሚጫወተው ወገን

ሁለተኛው መስፈርት ፕሮግራሙ ለአንድ ዓይነት ግቤት ምን ጊዜም አንድ ዓይነት ውጤት እንዲሰጥ ይጠይቃል። የዚህ ዝነኛ ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው «ዱም» የተባለው ጨዋታ ነው። ጨዋታው በሰከንድ 35 ጊዜ ይራመዳል፤ በእያንዳንዱ እርምጃም የተጫዋቹ ትእዛዝ በ4 ባይት ይመዘገባል። ይህም በሰከንድ 140 ባይት ብቻ ነው። በጨዋታው ውስጥ በዕጣ የሚወሰኑ ነገሮች አሉ፤ ዕጣው ግን የሚወጣው 256 ቁጥሮች ካሉት ቋሚ ሠንጠረዥ በተራ ነው። ከአንድ ቦታ የተጀመረ ጨዋታ ምን ጊዜም አንድ ዓይነት «ዕጣ» ይደርሰዋል። የዕጣ ቁጥሮችን በስሌት የሚያወጡ ጨዋታዎችም የስሌቱን መነሻ ቁጥር በፋይሉ ውስጥ ሊጽፉ ይገባል።

የክፍልፋይ ስሌትም ጥንቃቄ ይሻል። አንድ ሦስተኛ በአሥርዮሽ ተጽፎ እንደማያልቅ ሁሉ አንድ አሥረኛም በኮምፒዩተሩ የሁለትዮሽ አጻጻፍ አያልቅም። በተለመደው የክፍልፋይ አያያዝ 0.1ን አሥር ጊዜ ብንደምር የምናገኘው በትክክል 1 አይደለም፤ ከ1 በጣም በጥቂቱ ያነሰ ቁጥር ነው። የስሌቱ ቅደም ተከተል ከተለወጠ የሚቀረው ጉድለት ሊለያይ ይችላል። በመሆኑም ለጊዜና ለነጥብ ሙሉ ቁጥሮችን መጠቀም ይመከራል።

ከሁሉ የሚከፋው የፕሮግራሙ መሻሻል ነው። የ«እጅግ ጥሩ» ወሰን ከ20 ወደ 18 ሚሊ ሰከንድ ቢቀነስ የቀድሞዎቹ ፋይሎች ሁሉ ሌላ ውጤት ይናገራሉ። ምልክቱ በብራናው ላይ አለ፤ ያስተማረው መሪጌታ ግን ተለውጧል።

በፋይሉ ውስጥ ምን ይጻፍ?

ከዚህ በመነሣት ለተማሪዎቻችን የሚከተለውን መከርናቸው። በፋይሉ ራስጌ ላይ የፋይሉ አጻጻፍ ቁጥር፣ የጨዋታው ዕትም ቁጥር፣ ከዘፈኑና ከምልክቶቹ ዝርዝር ተሰልቶ የሚገኝ የአሻራ ቁጥር፣ የመዘግየት ማስተካከያውና የዕጣው መነሻ ቁጥር ይጻፉ። ከዘፈኑ አንዲት ምት ብትለወጥ አሻራው ስለሚለወጥ ፕሮግራሙ ያውቃል። ቀጥሎ እያንዳንዱ ድርጊት በተፈጸመበት የሙዚቃ ጊዜ ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው «ኦሱ» የተሰኘው የሙዚቃ ጨዋታ ለምሳሌ ከቀዳሚው ድርጊት ወዲህ ያለፈውን ሚሊ ሰከንድ፣ የጠቋሚውን ቦታና የተጫኑትን ቁልፎች መዝግቦ ያምቃቸዋል።

በተጨማሪ በየ10 ሰከንዱ የወቅቱ ነጥብ በመፈተሻነት ይመዝገብ። በድጋሚ ዕይታው ላይ ልዩነት ቢፈጠር ከየት እንደጀመረ ወዲያው ይታወቃል። የተማሪዎቻችን ፋይል ይህ ቢኖረው ኖሮ ስሕተቱ ከመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች አንሥቶ መኖሩ በታየ፣ በሰውም ላይ ባልተፈረደ ነበር። በመጨረሻም ሁለቱ ውጤቶች ካልተስማሙ ፕሮግራሙ አንዱን መርጦ ዝም ማለት የለበትም፤ «አልተስማሙም» ብሎ ይንገር።

ፋይሉ ሊዋሽ ይችላልን? አዎን፣ ይችላል። 8,000 ባይት በእጅ ሊጻፍ ይችላል። ይሁን እንጂ የሰው ጣት ከምት ወደ ምት መወዛወዙ አይቀርም። 430 ምቶች ሁሉ አንዲት ሚሊ ሰከንድ ሳያዛንፉ ቢገኙ ያ የሰው ሥራ መሆኑ ያጠራጥራል። ሆኖም አጭበርባሪን ከመፈለጋችን በፊት መለኪያችንን እንመርምር።

ተማሪዎቹ መዝጋቢውን በሁለት ቀን አስተካከሉ። የዚያን ምሽት ጨዋታ ግን ማስመለስ አልቻሉም። በፋይሉ ውስጥ የነበረው የሥዕሎቹ ሰዓት ብቻ ስለሆነ እያንዳንዱ ጣት ያረፈበት እውነተኛ ቅጽበት ጠፍቷል፤ በቀረጻው ወቅት ያልተያዘን ነገር በኋላ ማንም ፕሮግራም አይፈጥረውም። ስለዚህ ወደ ልጁ ቤት ሄደው ይቅርታ ጠየቁት፤ ውጤቱንም በ412 መዘገቡለት። እንደገና ሲጫወት 405 አገኘ። በድጋሚ ዕይታውም ላይ 405 ታየ። እኛም ለአንባቢያን የምናስተላልፈው ይህንኑ ነው፤ ፕሮግራም ስትጽፉም ሆነ በላቦራቶሪ ስትለኩ ሁለት ቁጥሮች ሲጋጩባችሁ በሰው ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት ሰዓታችሁን ፈትሹ።